ጥያቄውን የገለበጡት ባልና ሚስት፦ ብረት በብልጭታ የመቁረጥ ታሪክ

ቤታችሁ ወይም መሥሪያ ቤታችሁ የአልሙኒየም መስኮት ካለ ጠጋ ብላችሁ ፍሬሙን ተመልከቱት። ውስጡ ባዶ ነው። መስታወቱ የሚቀመጥበት ቦይ አለው፤ ጎማውን የሚይዝ ቀጭን ከንፈርም አለው። ይህ ሁሉ ቅርጽ ተበይዶ ወይም ተፍቆ የወጣ አይደለም። የጋለ አልሙኒየም ቀዳዳ ባለው ጠንካራ ብረት ውስጥ በኃይል ሲገፋ፣ ከፓስታ ማሽን እንደሚወጣ ሊጥ ቅርጹን ይዞ ይወጣል።

ቀዳዳ ያለው ብረት ዳይ ይባላል። የጋለ አልሙኒየም ቀን ከሌት ሲያልፍበት ቶሎ እንዳይበላ ተብሎ እጅግ የጠነከረ ነው። በሴጌቶ ልቁረጥህ ብትሉት የሚረግፈው የሴጌቶው ጥርስ ነው። ታዲያ እንዲህ ባለ ብረት ላይ ያ ሁሉ ጠመዝማዛ ቀዳዳ፣ ከሚሊ ሜትር መቶኛ ባነሰ ስሕተት፣ በምን ተቆረጠ?

በቀጭን የናስ ሽቦ። ሽቦው አብዛኛውን ጊዜ ሩብ ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ሦስት አራት ፀጉር አንድ ላይ ቢገመድ ያህላል ማለት ነው። ከሚቆርጠው ብረት ጋር ሲነጻጸር እንደ ቅቤ ለስላሳ ነው። ደግሞም ብረቱን ፈጽሞ አይነካውም።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ርዕሱም የመሐንዲስ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ሽቦ በጦርነትና በማዕድን ሽሚያ ውስጥ ያለፈ ነው። በተለይ ደግሞ “ማን ቀድሞ ፈጠረው፣ ማን ተጠቀመበት” የሚለውን የምንወደውን ክርክር በደንብ ያሳያል። ስለዚህ ታገሡኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ሶቪየት ኅብረት ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ የመኪና ዕቃ ነው።

በድሮ መኪኖች ውስጥ ለካንዴላው ብልጭታ እንዲደርሰው ኤሌክትሪኩን በየቅጽበቱ የምትከፍትና የምትዘጋ ትንሽ ነገር ነበረች። የእኛ መካኒኮች ፑንቲና ይሏታል። ሁለት የብረት ጫፎች ይጋጠማሉ፣ ይላቀቃሉ፤ በደቂቃ ሺህ ጊዜ። በተላቀቁ ቁጥር በመካከላቸው ብልጭታ ይዘላል፤ ብልጭታውም ጫፉን በጥቂቱ እየበላ ይሄዳል። በሰላም ጊዜ ይህ ችግር አይደለም፤ ተበልታ ስታልቅ በአዲስ ትቀይሯታላችሁ። በ1941 ግን የጀርመን ጦር ሶቪየት ውስጥ ገብቷል፤ ሞተር ሁሉ ለግንባር ይፈለጋል። ጫፎቹ የሚሠሩት ደግሞ ከተንግስተን ነው።

ተንግስተን ስንል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የድሮው አምፖል ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ነው። በዚያ ጦርነት ግን እንደ ወርቅ የሚፈለግ ማዕድን ነበር። የሚቀልጠው በ3,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ከብረታ ብረት ሁሉ ይበልጣል። ከካርቦን ጋር ሲዋሃድ ካርባይድ ይሆናል፤ ለአልማዝ የቀረበ ጥንካሬ ያለው። ጀርመኖች በ1920ዎቹ የካርባይዱን ዱቄት በኮባልት አጣብቀው መቁረጫ መሥራት ችለው ነበር። ክሩፕ ኩባንያ ለገበያ ሲያወጣው ዊዲያ አለው፤ “እንደ አልማዝ” ከሚሉት የጀርመንኛ ቃላት ያሳጠረው ነው። የቶርኖ ባለሙያዎች ይህን ስም ያውቁታል። ያለ ዊዲያ መድፍም ሆነ ታንክ በሚፈለገው ፍጥነት ማምረት ከባድ ነበር። ከጦርነቱ ውጭ የነበረችው ፖርቱጋል ይህን ማዕድን ለሁለቱም ወገን ስትሸጥ ከርማ በ1944 በእንግሊዝና በአሜሪካ ግፊት አቆመች። እንግዲህ በዚያ ዘመን አንዲት ፑንቲና ላይ በከንቱ የምትቃጠል ተንግስተን ቀላል ነገር አልነበረችም።

መንግሥት ጉዳዩን ለሁለት ተመራማሪዎች ሰጠ። ቦሪስ ላዛሬንኮ እና ባለቤታቸው ናታሊያ ላዛሬንኮ ይባላሉ። የተጠየቁት ግልጽ ነው፦ ብልጭታው ብረቱን እንዳይበላ አድርጉ።

ብልጭታ ብረት እንደሚበላ ሰው ካወቀ ቆይቷል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1760ዎቹ ኤሌክትሪክ ያረፈበት ብረት ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች እንደሚቀሩ አይቶ ጽፏል። ምክንያቱ ሙቀት ነው። ብልጭታው ባረፈባት ነጥብ ላይ ሙቀቱ ለቅጽበት ከ8,000 እስከ 12,000 ዲግሪ ይደርሳል። ያን የሚችል ብረት የለም፤ ተንግስተንም ቢሆን። ያቺ ነጥብ ቀልጣ፣ ከፊሏም ተንና፣ በዓይን የማትታይ ጉድጓድ ትተዋለች።

ባልና ሚስቱ የተለያየ ብረት ሞከሩ፣ የተለያየ ኤሌክትሪክ ሞከሩ። ጫፎቹን ዘይት ውስጥ ነክረውም አዩ። ብረቱ መበላቱን አላቆመም። ነገር ግን ዘይት ውስጥ ሲሆን አንድ ለውጥ አስተዋሉ፦ ብልጭታው ሥርዓት ያዘ። በአየር ላይ እንደፈለገ ይዘል የነበረው፣ ዘይት ውስጥ በእኩል መጠን፣ በሚገመት ቦታ፣ በሚገመት ኃይል ያርፍ ጀመር።

በእኔ እምነት የዚህ ታሪክ ትልቁ ቅጽበት ይኸ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ “አልተሳካም” የሚል ሪፖርት ጽፎ ወደሚቀጥለው ሥራ ይሄዳል። በጦርነት ጊዜ፣ በስታሊን አገር፣ የታዘዙትን ሳያሳኩ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ መገመት አያዳግትም። እነሱ ጥያቄውን ገለበጡት። ብልጭታ ማንኛውንም ብረት የሚበላ ከሆነ፣ መጠኑንና ቦታውን መቆጣጠር ከተቻለ፣ ለምን እንደ መቁረጫ አንጠቀምበትም? በ1943 ሐሳቡን በመንግሥት አስመዘገቡ። በ1946 የስታሊን ሽልማት ተሰጣቸው።

የሠሩት መሣሪያ ቀላል ነበር። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ካፓሲተር አለ፤ ቀስ እያለ ይሞላል። ሲሞላ በመሣሪያው ጫፍና በሚቆረጠው ብረት መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ይፈነዳል፤ ከብረቱ ቅንጣት ይነሳል። እንደገና ይሞላል፣ እንደገና ይፈነዳል። ዘይቱ ቅንጣቱን እያጠበ ይወስዳል። ይህ የኤሌክትሪክ ዑደት እስከ ዛሬ በእነሱ ስም ይጠራል።

ይህ ምን እንደቀየረ ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን አንድ ሕግ ማስታወስ ያስፈልጋል። ሰው ድንጋይ ከጠረበበት ጊዜ ጀምሮ ቆራጩ ከሚቆረጠው መጠንከር ነበረበት። መዳብን በብረት፣ ብረትን በካርባይድ፣ ካርባይድን በአልማዝ። ከአልማዝ በላይ ግን የለም። ላዛሬንኮዎች ይህን መሰላል ከጎን አለፉት። ለብልጭታ የብረቱ ጥንካሬ ምኑም አይደለም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኤሌክትሪክ ታስተላልፋለህ ወይስ አታስተላልፍም?

በዚያው በ1940ዎቹ ሦስት አሜሪካውያን፣ ሃሮልድ ስታርክ፣ ቪክቶር ሃርዲንግና ጃክ ቢቨር፣ በሌላ መንገድ እዚያው ደርሰዋል። የእነሱ ችግር የዎርክሾፕ ችግር ነበር። ውድ የአልሙኒየም ቫልቭ ሲበሱ ትራፓኑ ወይም ጥርስ ማውጫው ውስጡ ተሰብሮ ይቀራል። እቃውን ከመጣል ብለው የተሰበረውን በብልጭታ እየበሉ ማውጣት ጀመሩ። ሁለቱም ወገኖች፣ አንዱ ከመንግሥት ላቦራቶሪ፣ አንዱ ከፋብሪካ ወለል፣ የተነሱት ከተበላሸ ነገር መሆኑ ይገርመኛል።

እስካሁን ግን ሽቦ የለም። የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች እንደ ማኅተም ነበሩ። የምትፈልጉትን ቅርጽ በመዳብ ወይም በግራፋይት ትሠራላችሁ፤ ያን ወደ ብረቱ ታስጠጋላችሁ፤ ብልጭታው የማኅተሙን ግልባጭ ይቆፍራል። ችግሩ ብልጭታ ለማንም አያዳላም፤ ማኅተሙንም ይበላዋል። ጥቂት ከቆፈረ በኋላ ማዕዘኑ ይዶለዱማል። ለእያንዳንዱ ቅርጽም አዲስ ማኅተም መሥራት ግድ ነው።

የሽቦ ሐሳብ መልስ የሰጠው ለዚህ ነው። መሣሪያው መበላቱ ካልቀረ፣ ሁልጊዜ አዲስ የሆነ መሣሪያ ይኑር። ከጥቅል እየተፈታ በአንድ በኩል የሚገባ፣ ብልጭታውን ሠርቶ በሌላ በኩል ወጥቶ የሚጣል ሽቦ። የተበላው ክፍል አልፏል፤ ብረቱ ፊት ያለው ሁልጊዜ ያልተነካ ነው። ቅርጽ ያለው ማኅተምም አያስፈልግም፤ ሽቦው ልክ እንደ መጋዝ የተሳለለትን መስመር ይከተላል። መስመሩን እንዲከተል ግን ከሰው እጅ የተሻለ መሪ ያስፈልጋል። ሽቦው ዋጋ ያገኘው በተበሳ ወረቀት ላይ የተጻፈ ትእዛዝ የሚያነብ የቁጥር መቆጣጠሪያ ሲመጣ ነው።

የዘርፉ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት በ1967 እንዲህ ያለ የሽቦ ማሽን ለገበያ በማቅረብ ሶቪየት ኅብረት ቀደመች። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1969፣ አጊ የተባለ የስዊዘርላንድ ኩባንያ የራሱን አወጣ። አጊ በ1954 ጣልያንኛ በሚነገርበት የስዊስ ክፍል፣ ሎሶኔ በምትባል መንደር የተቋቋመ ነው። በጄኔቭ ደግሞ የውሃ ተርባይን በመሥራት የሚታወቀው ሻርሚይ በ1955 የማኅተሙን ዓይነት ማሽን ይዞ ወጥቶ ነበር። በ1970ዎቹ ጃፓኖች ገቡ፤ ፋኑክ፣ ሚትሱቢሺ፣ በ1976 የተመሠረተው ሶዲክ። ከዚያ በኋላ የዓለም ገበያ በስዊሶችና በጃፓኖች እጅ ሆነ።

ፈጣሪዋ አገር ምን ሆነች? የተለመደው መልስ “ሶሻሊዝም ነው፣ ቢሮክራሲ ነው” የሚል ነው። ለእኔ ይህ ግማሽ መልስ ነው። ሶቪየቶች እውቀቱን አልናቁትም። ሽልማት ሰጥተዋል፣ ማሽን ሠርተዋል፣ ላዛሬንኮም በ1960ዎቹ ወደ ሞልዶቫ፣ ኪሺነቭ ሄደው ትልቅ የምርምር ተቋም መርተዋል። በ1965 እዚያ የተጀመረው የሙያ መጽሔት ዛሬም ይታተማል። የጎደለው ሌላ ይመስለኛል፦ የሚያማርር ደንበኛ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ከማሽን ሠሪው አጠገብ የሰዓት ፋብሪካ አለ። ከስንዴ ቅንጣት ያነሰ ጥርስ ያለው ክፍል በሚሊዮን የሚመታበት ዳይ ይፈልጋል። ትናንት የተሸጠለት ማሽን በአንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ከሳተ ዛሬ ስልክ ይደውላል። በጃፓንም የመኪናና የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች እንዲሁ ናቸው። በዕቅድ የሚመራ ፋብሪካ የሚመልሰው ለዕቅዱ እንጂ ለሚደውለው ሰው አይደለም። ከእኔ የማይስማማ ይኖራል፤ አስተያየቱን ከታች ያስፍር።

የማሽኑ መምጣት ከሁሉ በላይ የነካው ዳይ ሠሪውን ነው። ከሽቦው በፊት ዳይ መሥራት ማለት እንዲህ ነበር። ገና ያልጠነከረ ብረት ይወሰዳል፤ በቅርጹ ዙሪያ በትራፓን ቀዳዳ በቀዳዳ ይበሳል፤ መካከሉ ይወገዳል። ከዚያ ሞረድ ይያዛል። ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት። ወንዱን ከሴቷ ገጥሞ ወደ ብርሃን እያዩ፣ ቀለም እየቀቡ የነካውን ቦታ ብቻ እየሞረዱ። ሲያልቅ ብረቱ እሳት ገብቶ ይጠነክራል፤ አስፈሪው ሰዓት ይህ ነው። ብረት ሲግልና ድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል፤ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። የሳምንቱ ሥራ በደቂቃዎች ውስጥ ውድቅ ሊሆን ይችላል። ጎበዝ የሚባለው ዳይ ሠሪ ብረቱ በየት በኩል ምን ያህል እንደሚጣመም አስቀድሞ ገምቶ የሚሞርደው ነው። ይህ በመጽሐፍ የሚገኝ አልነበረም፤ ከሽማግሌ ሥር ተቀምጦ በዓመታት የሚለመድ ነው።

ሽቦው ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። መጀመሪያ አጠንክር፣ ከዚያ ቁረጥ። ጥንካሬው ለብልጭታ ግድ ስለማይሰጠው፣ መጣመሙ ካበቃ በኋላ ንጹሕ መስመር ይወጣል። ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሳያየው ይሠራል። በመጀመሪያ ግን አዝጋሚ ነበር። የቀድሞዎቹ ማሽኖች በደቂቃ የሚቆርጡት ከ10 እስከ 20 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ብረት ላይ በሰዓት ከሁለት ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የዛሬዎቹ በደቂቃ ከ300 በላይ ይቆርጣሉ። ያም ሆኖ በቀርፋፋነቱ እንኳ ሞረዱን አሸነፈው። የሽማግሌው የመገመት ጥበብ በአንድ ትውልድ ውስጥ ፈላጊ አጣ። ያን ጥበብ የያዙ እጆች ግን ወዲያው ከንቱ አልሆኑም፤ ሽቦው ለምን እንደሚበጠስና መስመሩ ለምን እንደሚዛነፍ ቶሎ የገባቸው ዳይ ሠሪዎቹ ናቸው።

ካርባይድን መቁረጥ ላይ ግን ያልታሰበ ጣጣ መጣ። የሽቦ ማሽን እንደ ማኅተሙ ማሽን በዘይት ሳይሆን ባብዛኛው በውሃ ነው የሚሠራው፤ ጨውና ማዕድን ተጣርቶ ኤሌክትሪክ እንዳያስተላልፍ በተደረገ ውሃ። ውሃው ቅንጣቱን ቶሎ ያጥባል፣ ያቀዘቅዛል፣ እሳት አያስነሳም። ነገር ግን የቱንም ያህል ቢጣራ ጥቂት ማስተላለፉ አይቀርም፤ በዚያች ጥቂት ኤሌክትሪክ ኮባልት ይሟሟል። ኮባልቱ ደግሞ የካርባይዱን ዱቄት አጣብቆ የያዘው ነው። ጭቃው ታጥቦ ድንጋዩ ብቻ የቀረ ግድግዳ አስቡ። ከማሽኑ ሲወጣ የሚያምር ዳይ፣ ሥራ ላይ ሲውል ጠርዙ ይፈረፈራል። መፍትሔው የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ በፍጥነት ማለዋወጥ ሆነ፤ ወደ አንድ ወገን የሚገፋ ኃይል ካልተጠራቀመ ኮባልቱ አይሟሟም። ካርባይድን በሽቦ የሚቆርጡ ፋብሪካዎች ከዚያ በኋላ ነው በእርግጠኝነት መሥራት የቻሉት።

ቅይጥ ቁሶች ደግሞ የበለጠ ያስቸግራሉ። አልሙኒየም ውስጥ የሲሊከን ካርባይድ ቅንጣት ተበትኖ የሚሠራ ቁስ አለ። ቅንጣቱ ያው የግራይንደር ድንጋይ የሚሠራበት ነገር ነው። ቁሱ ቀላልና ጠንካራ በመሆኑ ለአውሮፕላንና ለህዋ ሥራ ይፈለጋል። በተራ መቁረጫ ስትነኩት ቅንጣቱ መቁረጫውን ይፈጨዋል። ሽቦ ይሻላል፤ ብልጭታው አልሙኒየሙን ሲያቀልጠው ቅንጣቱ መያዣ አጥቶ ይረግፋል። ግን ቅንጣቱ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ክፍተቷን ይዘጋል፣ ብልጭታውን ያናጋል፣ ሽቦውን ይበጥሳል። በዝግታ፣ በትዕግሥት ነው የሚቆረጠው።

የሁሉ ቁንጮ አልማዝ ነው። ለመቁረጫነት የሚያገለግለው ሰው ሠራሽ አልማዝ ጥቃቅን የአልማዝ ቅንጣቶች ተጨምቀው የተያያዙበት ነው፤ በመካከላቸውም ኮባልት አለ። አልማዙ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ኮባልቱ ግን ያስተላልፋል። ለብልጭታው ይህ ይበቃዋል። በዓለም ላይ ከታወቁት እጅግ ጠንካራ ነገሮች አንዱ ዛሬ በለስላሳ የናስ ሽቦ ይቆረጣል። ሴራሚክ ላይማ ጭራሽ ነገሩ ተገልብጧል፤ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈው ሴራሚክ እንዲቆረጥላቸው ሲሉ የሚያስተላልፍ ንጥረ ነገር ይቀላቅሉበታል። ማሽኑ ለቁሱ መሠራቱ ቀርቶ ቁሱ ለማሽኑ ይሠራል።

ቻይናን ሳልጠቅስ ብጨርስ ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል። የስዊስ ማሽን በዋጋው የማይቀመስ በነበረበት ጊዜ ቻይናውያን የራሳቸውን መንገድ ቀየሱ። ሽቦውን አንድ ጊዜ ተጠቅሞ ከመጣል ይልቅ፣ ከሞሊብዲነም የተሠራ ጠንከር ያለ ሽቦ በከበሮ ላይ ጠቅልለው ወዲያና ወዲህ በፍጥነት ያመላልሱታል፤ እስኪበጠስ ድረስ። ጥራቱ ከስዊሱ ያንሳል፣ ዋጋው ግን አይገናኝም። ትንንሽ ዎርክሾፖች የሽቦ ማሽን ባለቤት የሆኑት በዚህ ነው። ለኑክሌር ሥራ ሊውሉ የሚችሉ ዕቃዎችን የሚቆጣጠረው የአቅራቢ አገሮች ቡድን በዝርዝሩ ውስጥ በብልጭታ የሚሠሩ ማሽኖችን አካቷል፤ ግን “ሽቦ ያልሆኑትን” ብሎ ለይቶ። ሽቦ ከዳር እስከ ዳር አሳልፎ ከመቁረጥ በቀር ጎድጓዳ ቅርጽ መቆፈር አለመቻሉ አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። እንደሚመስለኝ ግን በየሰፈሩ የተበተነን ማሽን መቆጣጠር የማይቻል መሆኑም አለበት።

ተንግስተኑስ? ዛሬ ከዓለም ማዕድን ማውጫዎች ከሚወጣው አብዛኛው የቻይና ነው። በየካቲት 2025 ቤጂንግ ከተንግስተንና ከሞሊብዲነም ጋር የተያያዙ ምርቶችን ወደ ውጭ መላክ በፈቃድ እንዲሆን ወሰነች። ከፖርቱጋል ዘመን ወዲህ ሻጩ ተለወጠ እንጂ ሽሚያው ያው ነው።

የቀረችን ፑንቲናዋ ናት። ላዛሬንኮዎች እንዳትበላ እንዲያደርጉ የታዘዙት ነገር እስከ መጨረሻው ይበላ ነበር። የአዲስ አበባ መካኒኮችም በአሸዋ ወረቀት እየፈተጉ ለዓመታት ኖረውባታል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ክራይስለር በ1973 ሞዴል መኪኖቹ ላይ ብልጭታውን በትራንዚስተር የሚቆጣጠር መሣሪያ መደበኛ አደረገ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ጫፎቹ መጋጠማቸውም መላቀቃቸውም ቀረ። ቦሪስ ላዛሬንኮ ኪሺነቭ ሆነው ይህን ለማየት ደርሰዋል፤ ያረፉት በ1979 ነው።